የተመድ የሽምግልና አገልግሎት በቆጵሮስ፦ የአናን ዕቅድ ሲመዘን

ከአምስት ኮከብ ሦስት። የተመድ ዋና ጸሐፊ የነበረው ኮፊ አናን በግሪክና በቱርክ ቆጵሮሳውያን መካከል የተከፈለችውን ደሴት ለማዋሐድ ያቀረበው ዕቅድ የተበላሸው በሥልጣን ክፍፍሉ አይደለም፤ ክፍፍሉማ በብልሃት የተሠራ ነው።

በ1960ው (ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕገ መንግሥት የግብር ሕግ ለማጽደቅ የግሪክና የቱርክ ቆጵሮሳውያን እንደራሴዎች የተናጠል አብላጫ ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ወገን እንቢ ካለ ሥራው ይቆማል። የአናን ዕቅድ ስድስት ድምፅ ሰጪ አባላት ያሉት የፕሬዚዳንት ምክር ቤት አቀረበ። መግባባት ከጠፋ በአብላጫ ይወሰናል፣ ግን ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አንድ ድምፅ መገኘት አለበት። ያም ሆኖ ነገሩ ከተቋጠረ፣ የሚፈታው ሦስት የውጭ ዳኞች ያሉበት የዘጠኝ ዳኞች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ክፍል ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ንብረት ላይ ግን ደካማ ነው። ደሴቲቱ ስትከፈል ከቤቱ የተፈናቀለው ሰው በጥቅሉ የይዞታውን ሲሶ ያህል መልሶ ያገኛል፣ ለቀሪው ቦንድ ይሰጠዋል። ቦንዱን በመጨረሻ ማን ይከፍላል? ግሪክ ቆጵሮሳውያን «ከራሳችን ኪስ» ብለው ጠረጠሩ። በሰሜን የሰፈረው የቱርክ ጦርም ወዲያው አይወጣም፤ እስከ 2011 ድረስ 6,000 ወታደር ይፈቀድለት ነበር።

ትልቁ ስሕተት የጊዜ ነው። የመጨረሻው ሰነድ መጋቢት 31 ቀን 2004 ወጣ፤ ድምፅ የተሰጠው ሚያዝያ 24 ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ደግሞ አስቀድሞ ተፈርሞ ለግንቦት 1 ተቆርጦ ነበር፤ ስለዚህ ለግሪክ ቆጵሮሳዊ «አይ» ማለት ምንም አያስከፍለውም። ከግሪክ ቆጵሮሳውያን 76 ከመቶው አይ አለ፤ በሰሜን ካሉት ቱርክ ቆጵሮሳውያን 65 ከመቶው ተቀበለ። እንግዲህ ቀጣዩ አሸማጋይ ሽልማቱን ከድምፁ በኋላ ያድርገው።