መገናኛ አካባቢ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። ውለታው ከብዶኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ትምህርት በስልኬ እየቀረጽኩ፣ ቆራርጬ አስተካክዬ ለተማሪዎች በቴሌግራም በነፃ እለቃለሁ። የምሠራበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሞዴል፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 ሦስተኛ ትውልድ፣ ራሙ (በሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ፈጣን ማስታወሻ) 4 ጊጋ፣ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው።

ስቃዩን የሠራበት ያውቀዋል። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ብቻውን ይሄዳል። አንድ ቀን የሁለት ሰዓት ሥራዬን ይዞ ቀጥ አለ። አንድ ሱቅ ብወስደው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ ይግዙ» አሉኝ። ሌላው ጋ ደግሞ «ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ካልገባለት አይሆንም» ተባልኩ፤ የምስሉን ሥራ የሚያግዘው ካርድ ማለታቸው ነው። በጡረታ አበል ሁለቱም የሚታሰብ አይደለም።

ይህንን ልጅ የጠቆመኝ ጎረቤቴ ነው። «ጋሼ፣ ካርዱ ይቆየን። መጀመሪያ እንደ ቤትዎ ይሥሩበትና ልይ» አለኝ። እኔ ቪዲዮ ስቆርጥ እሱ ታስክ ማናጀርን፣ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን መስኮት፣ ከፍቶ አጠገቤ ቆመ። ራሙ ሞልቷል፣ ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ተሰቅሏል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ግማሹን እንኳ አልሠራም። «አዩ ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው። መንገዱ ነው የተዘጋው።» ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ዲስክ ላይ እያስቀመጠ ነው የሚሠራው። ያ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ፈታው። አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ደጅ አውጥቶ በቀለም ብሩሽ ጠረገው፤ አየር ሲነፋበት ፋኑ በኃይል እንዳይሽከረከር በጣቱ ያዝ አድርጎት ነበር። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀባ። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ራም አመጣ። ያገለገሉ ስለሆኑ ወርቃማ ጥርሳቸውን በተማሪ ላጲስ ፈግፍጎ አጸዳቸው፤ ከከተታቸው በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ሲፈተሹ እንዲያድሩ አደረገ። ዊንዶውሱንና በእጄ ያለውን ሥራ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ላይ አዛወረ። የድሮውን ዲስክ አልጣለውም፣ ያለቀ ሥራ ማስቀመጫ ሆነ።

ካርዱ የገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። ለምን እሱ? የኔ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) 275 ዋት ብቻ ነው። ይህ ካርድ የሚፈልገው 75 ዋት ገደማ ስለሆነ ከማዘርቦርዱ ይበቃዋል፤ ሌላ ገመድ አይጠይቅም። አዲሶቹ ስልኮች የሚቀርጹበትን ኤችኢቪሲ የሚባለውን የቪዲዮ ፎርማትም ካርዱ ራሱ ፈትቶ ያጫውተዋል። የኮምፒውተሬ የራሱ ግራፊክስ ይህን አይችልም ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት እውነተኛነቱን ነው። «4ኬ ላይ ብዙ አይመኩበት። በ1080 ይቅረጹ» አለኝ፤ 4ኬ በጣም ጥርት ያለው ግን ከባዱ ቪዲዮ ነው፣ 1080 ደግሞ ቀለል ያለው። የግድ 4ኬ ከመጣም መጀመሪያ ፕሮክሲ ማለትም ቀለል ያለ ቅጂ አዘጋጅቼ በሱ እንድቆርጥ አሳየኝ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራዬ እንዳይበላሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) እንድገዛም መከረኝ። ዩፒኤስ እሱ አይሸጥም፤ ከምክሩ የሚያተርፈው ነገር አልነበረም። የወጡትን ዕቃዎች በፌስታል አድርጎ መለሰልኝ።

ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አልጽፈውም፤ አዲስ ከመግዛት ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም። ቤት ውስጥ ያረጀ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ «ጣሉት» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ፤ እሱ ይየው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ድሮ አንዱን ትምህርት ኤክስፖርት እንዲያደርግ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ እንዲያወጣ፣ ትቼው ነበር የምተኛው። አሁን ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ያልቃል። ተማሪዎቹ ሲጠብቁት የነበረው የኢንቴግራል ትምህርትም ትናንት ማታ ተለቋል።