ክላውድፍሌር ታነል፦ ፖርት ለተዘጋበት የቤት ሰርቨር

ድረ ገጽ ቤትዎ ባለ ሰርቨር ላይ አስቀምጠው፣ ራውተሩ ላይ ፖርት (የመግቢያ በር) ከፍተውም ከውጭ አልገባ ካለ፣ መጀመሪያ በራውተሩ የዋን (የውጭ መስመር) ገጽ ላይ ያለውን አይፒ ይመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከጀመረ ሲጂናት ውስጥ ነዎት፤ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን የውጭ አይፒ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ራውተር መነካካት ድካም ብቻ ነው። የጎብኚው ጥያቄ ቤትዎ ሳይደርስ አቅራቢው ጋ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የሚሰጠው ክላውድፍሌር ታነል በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ከ2021 ጀምሮም በነጻ ይሰጣል። ክላውድፍሌር-ዲ የተባለው ፕሮግራም ከቤት ወደ ውጭ መስመር ይከፍታል፣ ጎብኚው በዚያው መስመር ይገባል። ቋሚ አይፒ አያስፈልግም፣ ድረ ገጽ የሚጠቀምባቸው ፖርት 80 እና 443 ቢዘጉም ግድ የለም። ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃዋል። የግድ የሚያስፈልገው ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ነው፤ ስሙን ወደ አድራሻ የሚመራውን ኔምሰርቨር ወደ ክላውድፍሌር ማዞር አለብዎት።

ከክላውድፍሌር ዳሽቦርድ (የመቆጣጠሪያ ገጽ) ታነል ፈጥረው የሚሰጥዎትን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ይለጥፋሉ። በውስጡ ያለው ረጅም ቶከን (የመለያ ኮድ) የፓስወርድ ያህል ስለሆነ ለማንም አይላኩት። ፕሮግራሙ እንደ ሰርቪስ ስለሚጫን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሰርቨሩን አድራሻ ሲሞላ ነው። ሰርቨሩ በኤችቲቲፒ እየሠራ ኤችቲቲፒኤስ ከመረጡ ስህተት 502 ይመጣል። ክላውድፍሌር-ዲ ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሎካልሆስት የሚለው ራሱን ኮንቴይነሩን ነው፤ በምትኩ የድረ ገጹን ኮንቴይነር ስም ይጻፉ፣ ሁለቱም አንድ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ። ስህተት 1033 ካዩ ታነሉ ጭራሽ አልተገናኘም። አንዳንድ አቅራቢ ወደ ውጭ የሚሄደውን የፖርት 7844 ዩዲፒ ያግዳል፤ የታነሉን ፕሮቶኮል በዩዲፒ ከሚሄደው ክዊክ ወደ ኤችቲቲፒ 2 ቢቀይሩት በቲሲፒ ያልፋል።

የሰርቨሩ ሎግ (የጎብኚ መዝገብ) ላይ ጎብኚው ሁሉ ከአንድ የውስጥ አይፒ የመጣ ይመስላል። ትክክለኛው አይፒ ከጥያቄው ጋር በሚመጣው፣ ሲኤፍ-ኮኔክቲንግ-አይፒ በሚባለው ሄደር ውስጥ ነው፤ ይህን ሳያስተካክሉ ፌይልቱባን (አጥቂ አይፒን የሚያግድ ፕሮግራም) ካበሩ ታነሉን ራሱን ይዘጋብዎታል።

በነጻው እቅድ በአንድ ጥያቄ ከ100 ሜጋባይት በላይ መጫን አይቻልም፣ 413 ብሎ ይመልሰዋል። ኔክስትክላውድ (የራስ ፋይል ማስቀመጫ) ያለው ሰው ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚጫንበትን ቁራጭ መጠን ከዚያ በታች ማድረግ አለበት። የኢሜይል ሰርቨር በዚህ መንገድ አይሞከርም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ምስጠራው የሚፈታው ክላውድፍሌር ላይ መሆኑ ነው፤ የሚያልፈውን ሁሉ ማየት ይችላል። ለብሎግ ወይም ለሱቅ ድረ ገጽ ችግር የለውም። የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ከሆነ ግን የራስዎን መሣሪያዎች በግል መስመር የሚያገናኘው ቴይልስኬል ይሻላል፤ እሱም ሲጂናትን ያልፋል፣ ምስጠራውም ከመሣሪያ እስከ መሣሪያ ነው።