የደበዘዘ ፎቶ ወይስ ገለባና አመድ?

የ1969ኙን የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሸራ ላይ ማስፈር የሚፈልግ የድሬዳዋ ሠዓሊ ከታንክና ከሰንደቅ ዓላማ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ሁለት ጀርመናውያን ሠዓሊዎች ሁለት መንገድ አሳይተዋል።

ጌርሃርድ ሪሽተር እ.ኤ.አ. በ1965 አጎቱን ሩዲን ከቤተሰብ ፎቶ ላይ ሣለው። ሰውየው የናዚ ዘመን ወታደራዊ ካፖርት ለብሶ ፈገግ ብሏል። ከጦርነቱ አልተመለሰም። ሪሽተር ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሽ ስለጠረገው ፊቱ ጉም የገባበት ይመስላል። ዘመድ ነው ወይስ ጠላት? ግራ ያጋባል። ሥዕሉን ደግሞ የሰጠው ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1942 ላወደሟት የቼክ መንደር፣ ለሊዲትሴ መታሰቢያ ነው።

አንሰልም ኪፈር አብዛኛውን ጊዜ ፊት አያሳይህም። የተቃጠለ እርሻ ይሥልና ገለባ፣ አመድና የእርሳስ ብረት ይለጥፍበታል። ሸራው ግድግዳ ያክላል።

ለድሬ የቱ ይሻላል? የኪፈር ያጓጓል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አለ፤ የሐዲዱ ዝገት አለ፤ ባቡሩም በዚያ ጦርነት ተቋርጦ ነበር። ግን አቧራ ለድሬ ሰው ምን ብርቅ ነው? ጠዋት ማታ ይጠርገው የለ!

እኔ ብሆን የሪሽተርን እመርጣለሁ። ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አይጠፋም። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም ጎረቤት በሆነበት ከተማ የአንዱ ጀግና ለሌላው ሌላ ትዝታ ነው። ይህን ገለባ አይናገረውም፤ ፊት ግን ይናገረዋል። ሠዓሊው ብቻ አስቀድሞ ቤተሰቡን ያስፈቅድ። ልጇ እንዲደበዝዝባት የማትፈልግ እናት አትጠፋም።