ለእንግሊዝኛ የኮምፒውተር ፈተና፦ ባለዩኤስቢ ወይስ ባለጃክ ሄድሴት?

የፈተና ማዕከል የራሱን ሄድሴት (ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ) ይሰጣል፤ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቤቱ ለቶፍል (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የሚለማመድ ግን መምረጥ አለበት።

ባለ3.5 ሚሊሜትር ጃኩ ርካሽ ነው፤ ድምፁን የሚቀዳው ግን የኮምፒውተሩ ሳውንድ ካርድ (ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣው ክፍል) ነው። የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ «እምም» የሚል የ50 ኸርትዝ ድምፅ ከንግግሩ ጋር ሊገባ ይችላል። ለማዳመጫ አረንጓዴ፣ ለማይክ ሮዝ ቀዳዳ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ባለአንድ ጃኩ ማይክ ያለ ማከፋፈያ ገመድ አይሠራም።

ባለዩኤስቢው ሳውንድ ካርዱን በውስጡ ይዟል፤ የምንመርጠውም እሱን ነው። ብቻ ፕሮግራሙ ከመከፈቱ በፊት ይሰካ፣ በዊንዶውስ «ኢንፑት» ላይም ይመረጥ፤ አለዚያ የላፕቶፑ ማይክ የክፍሉን ጫጫታ ይቀዳል።

በሁለቱም ማይኩን ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያርቁት። ፊት ለፊት ከሆነ «ፒ» እና «ቲ» ሲነገሩ ትንፋሹ ቃሉን ይውጠዋል።