የቤንዚን ወይስ የናፍጣ ፓምፕ? ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ ደብረ ብርሃን ደጋ ላሉ የመስኖ ገዢዎች

የውሃ ፓምፕ ሊገዛ ሱቅ የገባ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» ብሎ ነው። በሰሜን ሸዋ ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት ሁለት ነገሮች ተለክተው መምጣት አለባቸው፤ ፓምፑ ከሚቀመጥበት ቦታ እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት በሜትር፣ ሞተሩም በአንድ በጋ የሚሠራው ሰዓት። የመጀመሪያው መሬት ላይ ተቀምጦ በሞተር የሚመጥ ፓምፕ ለእናንተ ይሆን እንደሆነ ይነግራችኋል። ቤንዚን ይሁን ናፍጣ የሚለውን የሚወስነው ሁለተኛው ነው።

ከጥልቀቱ እንጀምር። መሬት ላይ ተቀምጦ በቱቦ የሚመጥ ፓምፕ ውሃውን ራሱ ጎትቶ አያወጣም። የመምጠጫውን ቱቦ አየር ያሳሳል እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ያነሣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ጣሪያው 8.8 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ7 ሜትር ብዙ አይዘልም። ይህም በወረቀት ላይ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ፍትጊያና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ግፊት ሲቀነስ በቆላው 6 ሜትር፣ በደጋው ከ4.5 እስከ 5 ሜትር ብቻ ነው የሚታመነው። ካርቶኑ ላይ «የመምጠጥ ከፍታ 8 ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ለበሬሳ ወይም ለጫጫ ወንዝ ዳር ማሳ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው የእጅ ጉድጓድ ላለው ነው፤ ጥቅምት ላይ ቅርብ የነበረ ውሃ መጋቢት ላይ ይሸሻልና ልኬቱ በበጋው መጨረሻ ይወሰድ።

ውሃው ሲርቅ አንዳንዶች ሞተሩን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርዱታል፣ ወይም ግድግዳው ላይ መደብ ቆፍረው ያስቀምጡታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በደቂቃዎች ሰው ይገድላል፣ ሊያወጣው የወረደውንም እንዲሁ። ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ልዩነት የለውም። ጉድጓዱ ከተጠቀሰው ልክ ካለፈ ምርጫው ከሁለቱ ውጪ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል። መነሻ ዋጋው ይከብዳል፣ ነገር ግን ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ስለሆነ የአየሩ መሳሳት አያግደውም።

ከፍታ ጉልበትንም ይቀንሳል። ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 6.5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሸዋ ሮቢት ላይ 5.6፣ ደብረ ብርሃን ላይ 4.6 ገደማ ነው። የቤንዚኑ ሞተር ተጨማሪ ችግር አለበት። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር አየሩ ሲሳሳ የሚያፈሰውን ቤንዚን በራሱ አይቀንስም፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ነዳጁም ያለ ጥቅም ይቃጠላል። ደጋ ላይ የሚገዛ ሰው የቤንዚን መመጠኛዋን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበችው እንዲቀይርለት ለመካኒኩ ይንገረው። ርካሽ ሥራ ነው፣ ብዙዎች ግን አያሠሩትም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብንል ለግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ለሁለት ጥማድ፣ በቀን 25 ሜትር ኩብ ነው። በቦይ ሲጠጣ የሚባክነው ሲታሰብ ወደ 40 ይጠጋል። በየ5 ቀኑ የሚያጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ 200 ሜትር ኩብ ያወጣል ማለት ነው። ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ፣ ወደ ላይም 30 ሜትር ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አብረው አይገኙም፤ 30 ሜትር ሲገፋ ውሃው ይቆማል፣ 60 ሜትር ኩብ የሚሰጠውም ከፍታ በሌለበት ነው። ማሳ ላይ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ሜትር ኩብ ካገኛችሁ ደግ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥማድ በአንድ ዙር ከ7 እስከ 8 ሰዓት፣ በአንድ የሽንኩርት ወቅት 150 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለ2 ሄክታር ግን 600 ሰዓት ይሆናል።

ፍርዴ እዚህ ላይ ነው። እስከ ሁለት ወይም ሦስት ጥማድ ለሚያለማ ሰው የቤንዚኑ ፓምፕ ይበልጣል፤ ናፍጣ ለ150 ሰዓት የሚከፈልበትን ተጨማሪ ዋጋ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ከአንድ ሄክታር በላይ ለሚያጠጣ፣ ወይም ፓምፑን ለጎረቤት ለሚያከራይ፣ ናፍጣ ነው። አንዱን ሥራ ለመሥራት የናፍጣ ሞተር በሊትር ሲሶ ያህል ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል። ቤንዚኑ በሰዓት 1.5 ሊትር ቢወስድ ናፍጣው 1 ሊትር ነው፤ በ600 ሰዓት 300 ሊትር ይተርፋል። ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ መሥራትም ለናፍጣው እንጂ ለትንሹ የቤንዚን ሞተር አይስማማውም።

ክብደቱ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ 25 ወይም 30 ኪሎ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ተሸክሞት ማታ ቤቱ ይገባል። በአየር የሚቀዘቅዘው ትንሹ የናፍጣ ፓምፕ 50 ኪሎ ይጠጋል፣ በውሃ የሚቀዘቅዙት ትልልቆቹ ከ100 ኪሎ ያልፋሉ። በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ዳር ይህ ብዙ ማለት ነው፤ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላው ሰማይ ጥርት እንዳለ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ከባዱን ሞተር የሚተክል ሰው ጎርፉ ከደረሰበት ምልክት በላይ ይትከለው፣ ነገር ግን የመምጠጫው ልክ እንዳያልፍ።

የደጋው ውርጭ ናፍጣውን ጠዋት ያስቸግረዋል፤ ፀሐይ ሞቅ እስክትል መጠበቅ ይሻላል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ውሃው ይፍሰስ፣ በረዶ ከሠራ ብረቱን ይሰነጥቃል። የቤንዚኑ ጠላት ክረምት ነው፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ወራት የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ መስከረም ላይ አልነሣም ያሰኘዋል። ሰኔ ሲገባ ተንጠፍጥፎ ይቀመጥ። ዘይት ለሁለቱም ከመጀመሪያው 20 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል።

ሱቅ ስትሄዱ ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ሞተሩን ይይ፣ ሌላው ቱቦውን። የመምጠጫው ቱቦ ሲመጥ የማይጨማደድ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ጫፉም ወንፊትና ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ያለው። ፓምፑ ውሃ ተሞልቶበት ይነሣ እንጂ ደረቁን አታስነሡት፣ የሚያሽገው ሲል ወዲያው ይቃጠላል። ካንዴላ፣ ሲልና የዘይት መለኪያ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚገኙለትን ሞተር ምረጡ። በጀሪካን ነዳጅ ለመቅዳት የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ማደያውን ጠይቁ።