ሌንሴን ሳይፈታ ላዳነልኝ ልጅ ምስጋናዬ ይድረሰው

ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ አንድ ካሜራ ጠጋኝ ሳላመሰግን አልተኛም፣ ትልልቅ ሌንስ ለምትይዙም ጥቆማ ይሁናችሁ።

እኔና ባለቤቴ ፒካፕ ላይ በተጫነ ካምፐር እየዞርን ወፍና የዱር እንስሳ ፎቶ እናነሳለን፣ ካምፐሩ ቤታችንም መደበቂያችንም ነው፣ ወፍ እኮ ሰው በእግሩ ሲመጣ ካየች ብን ትላለች፣ የቆመ መኪና ግን ብዙም አያስደነግጣትም። ታዲያ ብርዱ ከገባ ወዲህ ፎቶዎቼ ብዥ ማለት ጀመሩ። ጉጉቷ ግንድ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ንቅንቅ የለም፣ ዓይኗ ዙሪያ ያለው ላባ ግን ውሃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። ሸተሩን (ብርሃን ማስገቢያውን በር) በሰከንድ 1/2000ኛ ብቻ እንዲከፈት ባደርገው ያው፣ ትራስ ላይ ባስደግፈው ያው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት (ስሙ ይቅር) ውስጡ ያለው መስታወት ቦታውን ለቋል ተፈቶ ይስተካከል አለኝ፣ እኔም እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ከዛ በሰው በሰው ይሄኛው ልጅ ጋ ደረስኩ። ሌንሱን ገና ሳይነካ "ፎቶዎቹን አሳየኝ" አለ፣ አንድ በአንድ እያጎላ አየና "ወንድሜ፣ እነዚህን ስታነሳ የት ነበርክ?"

"ካምፐር ውስጥ።"

"ሂተር ይሰራል?"

በዛ ብርድ እንዴት አይሰራም! ሳቀብኝ። ሌንሱን ትራይፖድ ላይ አስሮ 10 ሜትር ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ አነሳና አሳየኝ፣ ትንንሾቹ ፊደሎች ሳይቀሩ ጥርት ብለዋል። "ሌንስህ ጤነኛ ነው፣ የታመመው አየሩ ነው" አለኝ።

ነገሩ ለካ የውስጡ ሙቅ አየር በተከፈተው መስኮት ሲወጣ ከውጪው ብርድ ጋር ይደባለቃል፣ ብርሃን ደግሞ በሙቅና በቀዝቃዛ አየር ውስጥ እኩል አይታጠፍም፣ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከሩቅ ሲርገበገብ አይታችሁ የለ፣ እሱው ነው፣ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ርግብግቡንም አጉልቶ ያመጣዋል። ሸተር ማፍጠን የማይፈታውም የሚጣመመው ብርሃኑ ራሱ ስለሆነ ነው። አሁን ከማንሳታችን ግማሽ ሰዓት በፊት ሂተሩንም ሞተሩንም አጥፍተን መስኮቱን እንከፍታለን፣ ሌንሱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ስንጨርስ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዘግተን እናቆየዋለን፣ ከብርድ ወደ ሙቀት ድንገት ሲገባ ጤዛ ይይዛላ። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ "ከጉጉቷና ከኔ ማንን ነው የምትወደው" ትለኛለች፣ መልስ የለኝም።

ከሁሉ የገረመኝ ሂሳብ ስጠይቀው "ያልጠገንኩትን ምን ብዬ ላስከፍልህ" ማለቱ ነው። ዝም ብሎ ቢፈታው እኮ ማን ያውቅበታል!

እንከን ካላችሁኝ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ደጋግማችሁ ደውሉ። ቁጥሩን ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ ግን ሌንሱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ኤዲት ያልተደረጉ ፎቶዎችም ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።