የደረጃ ሃንድሬሌ ከ8 ወር በኋላ፦ እንጨቱ አሪፍ፣ ፊሸሩ ጉድ

ሃንድሬሉን (የደረጃ የእጅ መያዣውን) የገዛሁት እናቴ እኛ ጋ ልትኖር ስትመጣ ነው። ደረጃችን በሁለት ግድግዳ መሀል የሚወጣ 13 እርከን ነው፣ መያዣ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ እኛማ እየዘለልን ስለምንወጣ ትዝም ብሎን አያውቅ። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን መዳፏን ግድግዳው ላይ እየጎተተች ስትወርድ ሳያት አፈርኩ።

ክብ የእንጨት ሃንድሬል ነው፣ ውፍረቱ 4.2 ሴንቲ፣ ከ5 ብራኬት (ግድግዳው ላይ የሚይዙት ብረቶች) ጋር። መጀመሪያ አይኔ የገባው ሰፊና ጠፍጣፋ ሞዴል ነበር፣ ደግነቱ ሱቅ ውስጥ ጨብጬ ሞከርኩት፣ ጣቴ አይዞርም! ጣት ዞሮ ካልያዘው ሲያዳልጥህ ለጌጥ ነው የቆመው። አለም አቀፉ የመኖሪያ ቤት ኮድም (የግንባታ ደንብ) ክብ ከሆነ ውፍረቱ ከ3.2 እስከ 5.1 ሴንቲ ይሁን ይላል፣ ከፍታው ደግሞ ከእርከኑ ጠርዝ ተለክቶ ከ86 እስከ 97 ሴንቲ ገደማ፣ ከግድግዳው ቢያንስ 3.8 ሴንቲ ይራቅ። እኔ 90 ላይ አደረኩት፣ ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው ክር ወጥሬ ነው ምልክት ያደረኩት። (የናንተ አካባቢ ህግ ሊለይ ስለሚችል ጠይቁ።)

አሁን ወደ ጉዱ። በ3ኛው ወር መሀል ላይ ያለው ብራኬት መነቃነቅ ጀመረ፣ ብሎኑን ባጠብቀው ባጠብቀው እዛው ይሽከረከራል፣ ሳብ ሳደርገው ከነፊሸሩ (ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) ከነአቧራው እጄ ላይ ቀረ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ፣ አብሮት የመጣው የፕላስቲክ ፊሸር የሚነክሰው ነገር የለውም። እናቴ ይዛው ቢሆንስ እያልኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። 5ቱንም ነቅዬ ቀዳዳው ውስጥ ወንፊት መሳይ ቱቦ ከትቼ በኬሚካል አንከር (ቀዳዳው ውስጥ ደርቆ ብሎኑን የሚይዝ ማጣበቂያ) ደግሜ ሰራሁት፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ደረቀ፣ ከዛ በ78 ኪሎዬ ተንጠለጠልኩበት፣ ንቅንቅ የለም። ኮዱ 90 ኪሎ ገደማ ይቻል ነው የሚለው፣ ስለዚህ ወንድሜንም አንጠለጠልኩት፣ እሱ ከኔ ይከብዳል።

ሌላው ስህተቴ ጫፎቹን ቀጥ አድርጌ ቆርጬ መተዌ ነው፣ የቦርሳ ማንገቻና የሹራብ እጅጌ እየያዘ ሁለቴ ሊጥለን ነበር። ጫፉ ወደ ግድግዳው መታጠፍ አለበት፣ በኋላ ክርን የሚመስለውን ማጠፊያ ገዝቼ ቀጠልኩበት። ቫርኒሹ ታች ጫፍ ላይ፣ ሁሉም ሰው ጨበጥ የሚያደርገው ቦታ ላይ፣ በ7ኛው ወር ለቀቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ ደግሜ ቀባሁት፣ እሱ ቀላል ነው።

ለእንጨቱ 9 ከ10፣ አብሮት ለሚመጣው ፊሸር 2።

ያላሰብኩት ደግሞ የገጠምኩት ስትወጡ በቀኝ በኩል ነው፣ እናቴን የሚያስፈራት ግን መውረዱ ነው፣ ያኔ መያዣው በግራዋ ይሆናል፣ የሷ ጠንካራ እጅ ደግሞ ቀኙ ነው። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛውን በሌላው ግድግዳ እገጥማለሁ፣ በኬሚካል አንከር።